ተርሚናሉን ስዘጋ ሰርቨሩም አብሮ ይሞታል፤ በኖሃፕ ይዤውም ሌሊት ጠፋ

ሰላም_ኮድ (ሰኞ፣ ማታ 3፡20)

ሰላም ለሁላችሁ። ሁለት ሳምንት የታገልኩትን ነገር ይዤ መጣሁ።

የምንጠቀምበት የምዝገባ ሲስተም በጃቫ የተጻፈ ነው። አንድ ጃር ፋይል (የጃቫ ፕሮግራም ጥቅል) ነው፤ ገጹን የሚያቀርበው ቶምካትም በውስጡ አለ፤ ፖርት 8080 ላይ ይከፈታል። የሚሮጥበት የሊኑክስ ማሽን ሩቅ ነው። መስኮት የለው፣ ማውስ የለው። በኤስኤስኤች (ከርቀት በሚያስገባው ፕሮግራም) እገባለሁ፣ በትእዛዝ ብቻ እሠራለሁ።

መጀመሪያ ዝም ብዬ አስነሳሁት። ሠራ። ላፕቶፔን ስዘጋ አብሮኝ ጠፋ። ጓደኛዬ «ከፊቱ ኖሃፕ የሚባለውን ትእዛዝ፣ ከኋላው አምፐርሳንድ (&) አድርጊበት» አለኝ። አደረግኩ። ላፕቶፑን ዘጋሁ፣ አልጠፋም። ደስ አለኝ። በሦስተኛው ሌሊት ግን ሞቶ አደረ። ያወቅኩት ጠዋት ስልኬ መጮህ ሲጀምር ነው።

ያልገባኝ ሎጉ (ፕሮግራሙ የሚሠራውን የሚጽፍበት መዝገብ) ነው። ኖሃፕ ዶት አውት የሚባለውን ፋይል እስከ መጨረሻው አነበብኩት። ስህተት የለም። «ልዘጋ ነው» የሚል መስመርም የለም። አንድ ሰው ሲመዘገብ የሚያሳይ መስመር ተጀምሯል፣ ግማሹ ላይ ይቆማል። ሰው እያወራ በመሃል ትንፋሹ እንደተቆረጠ ዓይነት።

አሁን መልሼ በኖሃፕ አስነስቼዋለሁ። ግን እንቅልፍ የለኝም፤ በየሁለት ሰዓቱ ተነስቼ ገጹን እከፍታለሁ። እናንተ ሰርቨራችሁን እንዴት ነው የምታኖሩት?

ፈጣን_ጣት (ሰኞ፣ ማታ 3፡41)

እህት፣ ቲመክስ ጫኚ። «ቲመክስ» ብለሽ ትገቢያለሽ፣ ፕሮግራሙን ታስነሺያለሽ፣ ኮንትሮልና ቢን አብረሽ ተጭነሽ ትለቂና ዲን ትነኪያለሽ። አንቺ ትወጫለሽ፣ ፕሮግራሙ እዚያው ይቀጥላል። በማግስቱ «ቲመክስ አታች» ስትዪ እንደተውሽው ታገኚዋለሽ። እኔ ሁሌም እንዲህ ነው የማደርገው፣ ችግር ገጥሞኝ አያውቅም።

የድሮ_ተርሚናል (ሰኞ፣ ማታ 4፡30)

ፈጣን ጣት ያለው ለሥራ ሰዓት ጥሩ ነው። ረጅም ነገር ስታዛውሪ መስመሩ ቢቋረጥ እንዳይጠፋብሽ ቲመክስ ግሩም መጠለያ ነው። እኔም በየቀኑ እከፍተዋለሁ። ከእሱ በፊት የነበረው ስክሪን እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ አለ፤ ቲመክስ በ2007 መጣ። ለዚህ ጉዳይ ሁለቱም ያው ናቸው። ነገር ግን ሰው የሚገለገልበትን ሰርቨር እዚያ ውስጥ አታሳድሪ። ማሽኑ ሪቡት ካደረገ ቲመክስም አብሮ ይሄዳል። ፕሮግራሙ በውስጡ እንዳለ ቢሞት ደግሞ የሚያነሳው የለም። ጠዋት ስትገቢ ባዶ መስመር ይጠብቅሻል።

መጀመሪያ ለምን እንደሞተ ልንገርሽ። ተርሚናል ሲዘጋ በእሱ ላይ ለተንጠለጠሉት ፕሮሰሶች (በመሮጥ ላይ ላሉ ፕሮግራሞች) ሲግሃፕ የሚባል ሲግናል ይላካል። ቁጥሩ 1 ነው። ስሙ የመጣው ተርሚናል በስልክ መስመር ከሚገናኝበት ዘመን ነው፤ «ስልኩ ተዘጋ» እንደ ማለት ነው። አብዛኛው ፕሮግራም ይህን ሲሰማ ሥራውን ያቆማል። ኖሃፕ ይህን አንድ ሲግናል እንዳይሰማ ጆሮውን ይደፍንለታል፣ የሚያወጣውን ጽሑፍ ወደ ፋይል ያዞርለታል፣ በቃ። ከዚያ በኋላ ፕሮግራሙ ይሙት ይኑር ጉዳዩ አይደለም።

አንቺ ገባሽ ወጣሽ፣ ሰርቨሩ ያንን ማወቅ የለበትም። ማሽኑ ላይ ከሁሉም ቀድሞ የሚነሳ፣ ከሁሉም ኋላ የሚጠፋ አንድ ፕሮሰስ አለ፤ ቁጥሩ 1 ነው። በዛሬዎቹ ዲቢያን፣ ኡቡንቱ፣ ፌዶራና ሬድ ሃት ላይ ይህ ሲስተምዲ ነው። ሰርቨርሽን ለእሱ አደራ ስጪው።

እንዲህ ነው የሚሰጠው። ኢቲሲ ሥር፣ ሲስተምዲ ውስጥ፣ ሲስተም በሚባለው ፎልደር አንድ አጭር የጽሑፍ ፋይል ትፈጥሪያለሽ። ስሙ በዶት ሰርቪስ ይለቅ። ሦስት ክፍል አለው። «ዩኒት» በሚለው ሥር ምን እንደሆነና ከማን በኋላ እንደሚነሳ ትጽፊያለሽ። ዳታቤዙ እዚያው ማሽን ላይ ከሆነ «አፍተር» ብለሽ ስሙን ጥሪው።

ዋናው ነገር «ሰርቪስ» በሚለው ሥር ነው ያለው። «ዩዘር» ማን ሆኖ እንደሚሮጥ ይናገራል፤ ሩት (ሙሉ ሥልጣን ያለው ዩዘር) እንዳታደርጊው፣ ለ8080 ሩት አያስፈልግም፣ ያ የሚመጣው ከ1024 በታች ላሉ ፖርቶች ነው። «ወርኪንግዳይሬክተሪ» ከየትኛው ፎልደር እንደሚነሳ ይናገራል። «ኤግዜክስታርት» ትእዛዙ ራሱ ነው፣ ከነሙሉ መንገዱ። «ሪስታርት» ላይ ኦን ፌይለር ጻፊ። «ሪስታርትሴክ» ላይ 5 አድርጊ። ይቺን አትርሺ፤ ካልጻፍሻት በ100 ሚሊሰከንድ ነው መልሶ የሚያነሳው። ዳታቤዙ ገና ሳይነቃ ያንቺው ፕሮግራም እየሄደ ግንባሩን ይገጫል።

የመጨረሻው «ኢንስቶል» ነው፤ «ዋንቲድባይ» ብለሽ መልቲዩዘር ታርጌትን ትሰጪዋለሽ።

ከዚያ «ሲስተምሲቲኤል ዴሞን ሪሎድ» በዪ፣ ፋይሉን ያንብብ። ቀጥሎ «ሲስተምሲቲኤል ስታርት» ከነስሙ፣ ቀጥሎ «ስታተስ»። ሎጉን በ«ጆርናልሲቲኤል ሰረዝ ዩ» ከነስሙ ታያለሽ፤ መጨረሻው ላይ ሰረዝ ኤፍ ከጨመርሽ እየተከታተለ ያሳይሻል።

የሌሊቱ ሞት ሌላ ጉዳይ ነው። መስመሩ በመሃል መቆረጡ የሆነ ነገር ጠቁሞኛል። ይህን አስተካክዪና እንመለስበታለን።

ሰላም_ኮድ (ማክሰኞ፣ ቀን 6፡05)

ጋሼ፣ በጣም አመሰግናለሁ፤ እንዲህ ዘርዝሮ ያስረዳኝ ሰው አልነበረም።

ፋይሉን ጻፍኩ። መጀመሪያ 203 የሚል ቁጥርና «ኤግዜክ» የሚል ቃል አሳይቶ እምቢ አለ። ለካ በመንገዱ ላይ አንድ ፊደል ስቼ ነው፣ ፕሮግራሙን አላገኘውም። እሱን አስተካከልኩ። አሁን ይነሳና የዳታቤዙ ፓስወርድ የለም ብሎ ይወድቃል። ፓስወርዱ ግን ባሽአርሲ ፋይሌ ውስጥ አለ፤ እኔ በእጄ ሳስነሳው ችግር የለበትም። እሱ ሲያስነሳው ለምን ጠፋ?

ቁልፍ_ያዥ (ማክሰኞ፣ ቀን 6፡50)

ባሽአርሲ የሚነበበው አንቺ ሼል (ትእዛዝሽን የሚቀበለውን ፕሮግራም) ስትከፍቺ ነው። ሲስተምዲ ሼል አይከፍትም፣ ፕሮግራሙን በቀጥታ ነው የሚያስነሳው። ስለዚህ አንቺ ስትገቢ ዙሪያሽ ያለው ሁሉ ለእሱ የለም። ይህ በጣም ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ቦታ ነው።

እሴቶቹን ለብቻ ፋይል ውስጥ አድርጊና «ኤንቫይሮመንትፋይል» በሚል መስመር ከሰርቪሱ ጋር አያይዢው። ሁለት ነገር ተጠንቀቂ። አንደኛ፣ በየመስመሩ ፊት «ኤክስፖርት» የሚለውን ቃል እንዳትጽፊ። ሼል ስላልሆነ ያንን መስመር አልገባኝም ብሎ ይዘለዋል፣ አንቺም ለምን እንደጠፋ ስትፈልጊ ትውያለሽ። ሁለተኛ፣ የፋይሉ ባለቤት ሩት ይሁን፣ ፈቃዱም 600። የሚያነበው ሲስተምዲ ራሱ ስለሆነ ያንቺ ፕሮግራም በሌላ ዩዘር ቢሮጥም እሴቱ ይደርሰዋል።

ፓስወርዱን በቀጥታ ሰርቪስ ፋይሉ ውስጥ «ኤንቫይሮመንት» ብለው የሚጽፉ አሉ። አታድርጊው። ማሽኑ ላይ አካውንት ያለው ሁሉ በ«ሲስተምሲቲኤል ሾው» ያየዋል።

ስለ ቁጥሮቹ ደግሞ፦ 203 ፕሮግራሙን ማስነሳት አልቻልኩም ነው፣ 200 ፎልደሩ ውስጥ መግባት አልቻልኩም፣ 217 የጻፍሽውን ዩዘር አላገኘሁትም። እነዚህን ሦስቱን ከያዝሽ ብዙ ሰዓት ይተርፍልሻል።

ባለ_ኖድ (ማክሰኞ፣ ማታ 1፡15)

ሁሉም ወደ ሲስተምዲ ለምን እንደሚሮጥ አይገባኝም። እኔ ኖድ (ጃቫስክሪፕትን ሰርቨር ላይ የሚያስኬደው) ላይ ነው የምሠራው፤ ፒኤምቱ የሚባለው ጠባቂ በሁለት ቃል ያስነሳልኛል፣ ሲወድቅ ይመልስልኛል፣ «ፒኤምቱ ሊስት» ስለው ሁሉንም በሠንጠረዥ፣ ከነሜሞሪያቸው ያሳየኛል። አዲስ ኮድ ሳስገባም በ«ሪሎድ» አንዱን እያወረደ ሌላውን እያነሳ ተጠቃሚው ሳይነካ ይቀይርልኛል። ይህ ግን በክላስተር ሞድ (በብዙ ቅጂ) ለሚሮጥ ብቻ ነው። ፓይተን ላይ የሚሠሩት ወገኖች ደግሞ ሱፐርቫይዘርን ዓመታት ተጠቅመውበታል፣ ሩት ሳይሆኑም ይሠራላቸዋል።

እውነቱን ለመናገር አንዴ ተጎድቻለሁ። ስድስት ሰርቪስ በፒኤምቱ አስነስቼ ሁሉም አረንጓዴ ነበር። ወራት አለፉ። ከዚያ ማሽኑ ለከርነል (ለሊኑክስ እምብርት) ማደሻ ሪቡት አደረገ። ስመለስ ሊስቱ ባዶ ነው። ስድስቱም የሉም፣ በምን በምን ትእዛዝ እንዳስነሳኋቸውም አላስታውስም። ያኔ ነው «ፒኤምቱ ሴቭ» ዝርዝሩን እንደሚያስቀምጥ፣ «ፒኤምቱ ስታርትአፕ» ደግሞ ማሽኑ ሲነሳ አብሮ እንዲነሳ እንደሚያደርገው የተማርኩት። ሁለቱንም ማድረግ ነው። አንዱ ያለ ሌላው ዋጋ የለውም።

የድሮ_ተርሚናል (ማክሰኞ፣ ማታ 2፡02)

ወንድሜ፣ ፒኤምቱ መጥፎ ነው አላልኩም። ግን «ስታርትአፕ» ስትል ያ ትእዛዝ ምን እንደሚያደርግ አይተሃል? ሲስተምዲ ባለበት ማሽን ላይ የሲስተምዲ ሰርቪስ ፋይል ነው የሚጽፍልህ። ፒኤምቱንም መጨረሻ ላይ የሚያነሳው ያው ቁጥር 1 ነው። ለኖድ ክላስተሩ ስለሚጠቅምህ በመሃል ማስገባትህ ተገቢ ነው። ለእሷ አንድ ጃር ግን መሃል ላይ የሚቆም ሌላ ጠባቂ አያስፈልጋትም። አንድ ፕሮግራም ሁለት ጠባቂ ሲኖረው አንዱ ሲያቆመው ሌላው ያነሳዋል፣ ያንተም ቀን ያልቃል።

እህቴ፣ ከባለ ኖድ ታሪክ አንድ ነገር ውሰጂ። «ስታርት» አሁን አስነሳ ነው። «ኢኔብል» ደግሞ ማሽኑ ሲነሳ አብረህ አስነሳ ነው። የተለያዩ ናቸው። ሁለቱንም አድርጊ፣ ከዚያ ተጠቃሚ የሌለበት ሰዓት ጠብቀሽ ማሽኑን ራስሽ ሪቡት አድርጊው። አንቺ ባለሽበት ይፈተን።

ሰላም_ኮድ (ረቡዕ፣ ጠዋት 4፡10)

ፓስወርዱ ተስተካከለ፣ ቁልፍ ያዥ ተባረክ። ግን አሁን ሌላ ነገር መጣ፣ ሁለት ነገር።

አንደኛ፦ በሲስተምዲ የተነሳው ፕሮግራም አይቆይም። ስታተሱ አንዴ «አክቲቭ»፣ አንዴ «አክቲቬቲንግ» ይላል። ገጹን ስከፍተው ግን ይሠራል! ጆርናሉን ሳይ «ሪስታርት ካውንተር» የሚል አለ፣ ሌሊቱን 214 ደርሷል። ፖርቱ ተይዟል ይላል። በሰነዱ ላይ በ10 ሰከንድ ውስጥ 5 ጊዜ ከወደቀ ተስፋ ቆርጦ ያቆማል የሚል አንብቤ ነበር፤ ለምን አላቆመም?

ሁለተኛ፦ ኖሃፕ ዶት አውት 11 ጊጋባይት ደርሶ ነበር። አያስፈልገኝም ብዬ አጠፋሁት። ዲስኩ ግን አልቀነሰም። ፋይሉ የለም፣ ቦታው ግን እንደተያዘ ነው።

አሮጌውን ፕሮሰስ እኮ ገድዬዋለሁ። ሳስነሳው 2417 የሚል ቁጥር ሰጥቶኝ ነበር፣ «ኪል 2417» አልኩ፣ ጠፋ።

ክር_ፈቺ (ረቡዕ፣ ጠዋት 4፡38)

ሁለቱ አንድ ችግር ናቸው። አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽ፦ በኖሃፕ ያስነሳሽው ጃቫውን በቀጥታ ነው ወይስ በስክሪፕት?

ሰላም_ኮድ (ረቡዕ፣ ጠዋት 4፡44)

በስክሪፕት። ስታርት ዶት ኤስኤች የሚባል አለ፣ ጥቂት እሴቶች ያስቀምጥና መጨረሻው ላይ ጃቫን ይጠራል። ከእኔ በፊት የነበረው ልጅ የጻፈው ነው።

ክር_ፈቺ (ረቡዕ፣ ጠዋት 5፡20)

እንግዲያው ይኸውልሽ። 2417 የስክሪፕቱ ቁጥር ነበር። ጃቫው የስክሪፕቱ ልጅ ነው፣ የራሱ ቁጥር አለው። አንቺ አባቱን ገደልሽ፣ ልጁ ግን ወላጅ አልባ ሆኖ ቀጠለ። ሊኑክስ ወላጅ የሞተበትን ፕሮሰስ ለቁጥር 1 ይሰጠዋል። ስለዚህ አሁንም እዚያ ተቀምጦ 8080ን ይዟል። ገጹ የሚሠራልሽ እሱ እየመለሰልሽ ነው። አዲሱ ደግሞ በሩን ሲያንኳኳ ተይዟል እየተባለ ይመለሳል።

እንዲህ አድርጊ። «ሱዶ ኤስኤስ ሰረዝ ኤልቲኤንፒ» በዪ። ክፍት ፖርቶቹን ከነባለቤታቸው ይዘረዝርልሻል። 8080 ያለበትን መስመር ፈልጊ፣ መጨረሻው ላይ የፕሮሰሱ ቁጥር አለ። ከዚያ «ኤልኤስኦኤፍ ፕላስ ኤል1» በዪ። ስማቸው ጠፍቶ ገና የተከፈቱ ፋይሎችን ያሳይሻል። ያ ቁጥር እዚያም እንደሚወጣ እርግጠኛ ነኝ። ሊኑክስ ላይ ፋይል ስታጠፊ የምታጠፊው ስሙን ነው። ፋይሉን ከፍቶ የያዘው ፕሮግራም እስካለ ድረስ ይዘቱ ዲስኩ ላይ ይቆያል።

ስታገኚው በተራ «ኪል» አቁሚው፣ ሰረዝ 9 አትጨምሪ። በወጉ ስትጠይቂው የጀመረውን ጨርሶ ይወጣል።

ለምን ተስፋ እንዳልቆረጠ ደግሞ፦ በ10 ሰከንድ 5 ጊዜ የሚለው ቶሎ ለሚወድቅ ፕሮግራም ነው። ያንቺ ጃቫ ፖርቱ ጋ እስኪደርስ ብቻ ስንት ሰከንድ ይፈጃል? በዚያ ላይ 5 ሰከንድ ማረፊያ አለው። በ10 ሰከንድ ውስጥ አምስት ጊዜ መውደቅ አይችልም፣ ስለዚህ ዕድሜ ልኩን ይሽከረከራል። «ዩኒት» በሚለው ክፍል «ስታርትሊሚትኢንተርቫልሴክ» 300፣ «ስታርትሊሚትበርስት» 5 ብለሽ ጻፊ። አምስት ደቂቃ ውስጥ አምስት ጊዜ ከወደቀ ይቁም፣ አንቺም እወቂው። ዝም ብሎ ሲሽከረከር የሚያድር ሰርቨር ከቆመው ይከፋል፣ ምክንያቱም ላይ ላዩን ሕያው ይመስላል።

ስክሪፕቱን ማቆየት ከፈለግሽ መጨረሻው መስመር ላይ ከጃቫ በፊት «ኤግዜክ» የሚለውን ቃል ጨምሪ። ያኔ ሼሉ ራሱ ወደ ጃቫ ይለወጣል፣ ሁለት ፕሮሰስ አይኖርም።

ሰላም_ኮድ (ረቡዕ፣ ቀን 7፡30)

2418 ነበር! ልክ አጠገቡ። የወላጁን ቁጥር ሳየው 1 ይላል። ኤልኤስኦኤፍ ላይም ያው 2418፣ ጎኑ ላይ «ዲሊትድ» ተጽፎ፣ 11 ጊጋ ይዞ ተቀምጧል።

«ኪል 2418» አልኩት። ሰከንዶች ወሰደ፣ ጠፋ። ዲስኩ ወዲያው ተለቀቀ። አዲሱም በቀጣዩ ሙከራው ተነስቶ ቆመ። ጮክ ብዬ «እሰይ» ብያለሁ፣ ቢሮ ውስጥ ያለው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ኢኔብል አድርጌ ዛሬ ማታ ሪቡት እሞክራለሁ።

አንድ ትንሽ ነገር። «ሲስተምሲቲኤል ስቶፕ» ስለው ይቆማል፣ ግን ስታተሱ በቀይ «ፌይልድ» ይላል፣ ቁጥሩ 143። በትክክል ነው ያቆምኩት፣ ምን አጠፋሁ?

ቁልፍ_ያዥ (ረቡዕ፣ ቀን 7፡52)

ምንም አላጠፋሽም። «ስቶፕ» ሲግተርም የሚባለውን ሲግናል ይልካል፣ ቁጥሩ 15 ነው። ጃቫ ሲግናሉን ሰምቶ በሥርዓት ይዘጋና ሲወጣ 128 ሲደመር 15 ይመልሳል። 143 ያ ነው። ሲስተምዲ ዜሮ ስላልሆነ ውድቀት ይለዋል። «ሰክሰስኤግዚትስታተስ» ብለሽ 143 ጻፊለት፣ ይገባዋል። በሌላ በኩል 137 ካየሽ 128 ሲደመር 9 ነው፣ ያኔ ነው መደንገጥ።

ዘብ_ሰባት (ረቡዕ፣ ማታ 12፡40)

ስለ ሰረዝ 9 የተነሳውን ላጠንክር። እኔ ወጣት ሳለሁ ሰርቨር ሲዘገይብኝ እጄ በቀጥታ ወደ «ኪል ሰረዝ 9» ነበር የሚሄደው። አንድ ቀን ሪፖርት እየጻፈ የነበረን ሰርቨር እንዲሁ ገደልኩት። ፋይሉ ግማሽ ሆኖ ቀረ። ማታ ያን ግማሽ ፋይል ሌላ ፕሮግራም ሙሉ መስሎት አነበበው፣ የተሳሳተ ድምርም ለሰዎች ላከ። ለማስተካከል አራት ቀን ፈጀብን። 9 የተላከበት ፕሮግራም አይሰማም፣ አይሰናበትም፣ የያዘውን አያስቀምጥም።

ሲስተምዲ መጀመሪያ 15ን ይልካል፣ 90 ሰከንድ ይጠብቃል፣ ካልወጣ 9ን ይልካል። ሥራችሁ ከዚያ በላይ የሚፈጅ ከሆነ «ታይምአውትስቶፕሴክ» ላይ አስረዝሙት። ዶከር (ፕሮግራምን ለብቻው በታሸገ ሳጥን የሚያስኬደውን) የምትጠቀሙ ደግሞ የበለጠ ተጠንቀቁ። እዚያ የሚጠበቀው 10 ሰከንድ ብቻ ነው። ፕሮግራሙ በሼል ስክሪፕት ከተነሳ ደግሞ ሲግናሉ ሼሉ ጋ ይቀራል፣ ጃቫው ጋ አይደርስም፣ 10 ሰከንዱ ሲሞላ በ9 ይገደላል። ክር ፈቺ ያለው «ኤግዜክ» እዚያም ያድናችኋል።

ሰላም_ኮድ (ዓርብ፣ ጠዋት 2፡15)

ሪቡቱን ረቡዕ ማታ አደረግኩ፣ ማሽኑ ሲነሳ ሰርቨሩም እጄን ሳልነካ ተነሳ። ትናንት ቀኑን ሙሉ ሰላም ነበር።

ዛሬ ሌሊት ግን እንደገና ሞቷል። እኔ አላወቅኩም፤ ማንም አልደወለም፣ ምክንያቱም ራሱ ተነስቷል። ጠዋት ጆርናሉን ሳይ ነው ያገኘሁት። ሌሊት 8፡13 ላይ «ኪልድ»፣ ስታተስ 9፣ ቀጥሎ «ኦኦኤም ኪል» ይላል። ሎጉ እንደ መጀመሪያው ጊዜ በመሃል ተቆርጧል። ጋሼ፣ ያሉት ይህ ነበር?

የድሮ_ተርሚናል (ዓርብ፣ ጠዋት 3፡00)

አዎ እህቴ፣ የጠረጠርኩት ይህን ነው። በራሱ ስህተት የሚሞት ፕሮግራም ብዙ ጊዜ ይጮኻል፤ ጃቫማ ሃያ መስመር ነው የሚጽፈው። በመሃል ዝም ካለ ከውጭ በ9 ተመትቷል ማለት ነው። አንቺ ካልመታሽው ደግሞ ከርነሉ ነው። ሜሞሪ ሲያልቅ ከርነሉ ማሽኑን ለማዳን አንዱን ይሠዋል፤ «ኦኦኤም ኪል» ማለት ይህ ነው። የሚመርጠውም በአብዛኛው ብዙ ሜሞሪ የያዘውን ነው። ስለዚህ የሞተው ጃቫ ነው ማለት ያጠፋው ጃቫ ነው ማለት አይደለም።

«ጆርናልሲቲኤል ሰረዝ ኬ» ብለሽ የከርነሉን ቃል አንብቢ። በዚያ ሰዓት ሁለት ስም ታያለሽ። አንዱ ሜሞሪ ሲጠይቅ የጠፋበት ነው፤ «ኢንቮክድ» ከሚለው ቃል በፊት ይጻፋል። ሁለተኛው የተገደለው ነው። የመጀመሪያው ማን ነው? ሌሊት 8 ሰዓት ላይ የሚነሳ ነገር አለ?

የመጀመሪያውን ሌሊትም ማረጋገጥ ከፈለግሽ፣ ያ ትእዛዝ ካሁኑ ቡት ወዲህ ያለውን ብቻ ነው የሚያሳየው። አንቺ ሪቡት ስላደረግሽ «ሰረዝ ቢ» ብለሽ ሰረዝ 1 ጨምሪበት፣ ወደ ቀደመው ቡት ይወስድሻል። ይህ የሚሠራው ቫር ውስጥ፣ ሎግ ውስጥ ጆርናል የሚባል ፎልደር ካለ ነው። ከሌለ ጆርናሉ ሜሞሪ ላይ ብቻ ነው የሚቀመጠው፣ ሪቡት ሲሆን ይጠፋል።

ማሽኑ ስንት ሜሞሪ አለው? የጃቫን ሜሞሪ በሚገድበው «ኤክስኤምኤክስ» ላይስ ስንት ጽፈሻል?

ሰላም_ኮድ (ዓርብ፣ ጠዋት 3፡35)

ማሽኑ 2 ጊጋ ነው። ኤክስኤምኤክስ 1500 ሜጋ ይላል፤ ከስክሪፕቱ እንዳለ ነው የገለበጥኩት።

ከርነሉ ላይ የመጀመሪያው ስም የባክአፕ ፕሮግራሙ ነው። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ በክሮን (ሥራን በሰዓቱ በሚያስነሳው) ይነሳል። ጆርናል የሚባለው ፎልደርም ነበረ። ወደ ቀደመው ቡት ሄጄ ያን የመጀመሪያ ሌሊት አገኘሁት። 8፡14። ያው ሁለት ስም።

የድሮ_ተርሚናል (ዓርብ፣ ጠዋት 4፡05)

ተገናኘ። ኤክስኤምኤክስ የሚወስነው ሂፑን (ፕሮግራሙ ዳታውን የሚይዝበትን ሜሞሪ) ብቻ ነው። ከዚያ ውጭ ጃቫ ለክላሶቹ ሜሞሪ ይይዛል፣ ለእያንዳንዱ ትሬድም (ጎን ለጎን ለሚሠራ የሥራ ክር) እስከ 1 ሜጋ ድረስ ስታክ (የራሱ ሜሞሪ) ይመደባል፤ ቶምካት ደግሞ ሳይነኩት እስከ 200 ትሬድ ይከፍታል። 1500 ያልሽው ፕሮግራም በተግባር ከዚያ ይበልጣል። ዳታቤዙ አጠገቡ አለ። ቀን ቀን ሁሉም ተጣቦ ይኖራል። ሌሊት ባክአፑ ሲመጣ ቤቱ ይሞላል።

ኤክስኤምኤክስን ወደ 768 አውርጂና ለጥቂት ቀን እዪው። ባክአፑን ከክሮን አውጥተሽ የራሱ ሰርቪስና ታይመር ፍጠሪለት፣ በሰርቪሱ ላይ «ሜሞሪማክስ» ብለሽ 300 ሜጋ ስጪው። ከዚያ በላይ ከፈለገ የሚመታው እሱ ይሆናል፣ ሰርቨርሽን አይነካውም። ባክአፑ እንዳይቀርም ተከታተዪ፤ ከወደቀ ጆርናሉ ይነግርሻል፣ ያኔ ልኩን ከፍ ታደርጊለታለሽ።

ራሱ መነሳቱ ደስ ይላል፣ ግን ዛሬ ጠዋት ጆርናሉን ባታዪ ኖሮ በየሌሊቱ እየተገደለ አንቺ ደህና ነው ትዪ ነበር። በየጠዋቱ «ሲስተምሲቲኤል ሾው ሰረዝ ፒ ኤንሪስታርትስ» ከነስሙ ጠይቂው። ስንት ጊዜ በራሱ እንደተነሳ በአንድ ቁጥር ይመልስልሻል።

ባለ_ኖድ (ዓርብ፣ ቀን 6፡20)

ይህን አንብቤ የራሴን ማሽን ፈተሽኩ። ፒኤምቱ ሊስት ላይ የሪስታርት ዓምድ አለ፣ አንዱ ሰርቪሴ 61 ይላል። ለካ ለወራት አይቼው አላውቅም። ዛሬ እሱን ነው የምፈታው።

ሰላም_ኮድ (ረቡዕ፣ ጠዋት 2፡30)

አምስት ሌሊት ሆነው። ባክአፑ በመጀመሪያው ሌሊት 300 አንሶት ወደቀ፣ 400 አደረግኩት፣ ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ይጨርሳል። ጃቫው 768 በቅቶታል። ስታርት ዶት ኤስኤችን ከማሽኑ አውጥቼዋለሁ፣ ሰርቪስ ፋይሉንም ከኮዱ ጋር ጊት ውስጥ አስገብቼዋለሁ፣ ከእኔ በኋላ የሚመጣው ሰው እንዳይቸገር።

ጋሼ፣ ዛሬ ጠዋት ኤንሪስታርትስን ጠየቅኩት። 0 ነው።